ስልክ ይዞ ማጥናት፦ የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጅን ተማሪ «ስልክህን ተወው» ማለት የማይሠራ ምክር ነው። ያለፉት ዓመታት ፈተናዎችም፣ የመጻሕፍቱ ፒዲኤፍም፣ የመምህሩ ማስታወሻም የሚደርሱት በቴሌግራም ነው። ኮምቦልቻ ባለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማረውም ተማሪ ያለ ኮምፒውተር ሥራውን አይሠራም። መሣሪያው ይቆይ፤ ከጥናት ሰዓት መውጣት ያለበት ኢንተርኔቱ ነው።

ዳታ ከፍቶ ማንበብ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ተማሪው የፊዚክስ ወርክሺት ፍለጋ ቴሌግራም ይከፍታል፤ ከወርክሺቱ በፊት ግን የክፍል ጓደኞቹ ወሬ ይቀበለዋል። ከዚያ አንድ ቪዲዮ ይከተላል። ወደ ጥያቄው ሲመለስ እንደገና ከመጀመሪያው ማንበብ ግድ ይሆንበታል። ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ ሰው ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላ ሲዞር የሐሳቡ ከፊል እዚያው የተወው ላይ ይቀራል።

ስለዚህ የሳምንቱን ፋይሎች በአንድ ጊዜ አውርዱ፤ በየትምህርቱ ፎልደር ለዩ፤ ዳታውንና ዋይፋዩን አጥፉ፤ ከዚያ ቴሌግራምን ሳትነኩ ፋይሉን ክፈቱ። በንባብ መሀል «ይህን ደግሞ ልፈልግ» የሚያሰኝ ነገር ሲመጣ ወረቀት ላይ ጻፉትና ቀጥሉ። ብዙውን ጊዜ መልሱ ጥቂት ገጾች ወረድ ብሎ እዚያው መጽሐፉ ውስጥ አለ። አቅም የፈቀደለት ዋና ዋናዎቹን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ቢያሳትም ከሁሉ ይሻላል።

ስልኩን ደፍቶ ጠረጴዛ ላይ ማኖር

ድምፁ ስለጠፋ ብቻ አይበቃም። በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ስልካቸውን ሌላ ክፍል የተዉ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ካኖሩት የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ሁሉ ያንኑ ውጤት አላገኙም፤ እኔ ግን ስልክን ማራቅ ምንም ወጪ ስለሌለው አጥብቄ እመክራለሁ። ፋይሉ ታትሞ ወይም በእጅ ተገልብጦ ከሆነ ስልኩን ለእናታችሁ ስጡ። አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ አጥፍቶ ሻንጣ ውስጥ ይክተተው።

የሌሊት ጥቅል ርካሽ ነው ብሎ ማንጋት

የተቆጠበው ብር በማግስቱ ክፍል ውስጥ በእንቅልፍ ይከፈላል። የተማርነው ነገር በአእምሮ የሚረጋው ስንተኛ ጭምር ነው።

እረፍትን ቲክቶክ ላይ ማሳለፍ

ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የነደፈው፣ 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ የማረፍ ዘዴ ለብዙዎች ይስማማል። አምስቱ ደቂቃ ግን ማብቂያ በሌለው ቪዲዮ ከተጀመረ አምስት ሆኖ አይቀርም። ውጡ፤ የደሴ ብርድ ራሱ ያነቃል፤ የጦሳን ተራራ ቀና ብላችሁ እዩ፣ ውኃ ቅዱ፣ ግቡ።

ነጥቆ መደበቅ

ይህኛው የወላጆች ስህተት ነው። ስልኩን በቁጣ የተነጠቀ ልጅ የጓደኛውን ስልክ ይዋሳል፤ ያን ጊዜ ምን እንደሚያይ የሚያውቅም አይኖርም። «ልጄ፣ እስከ እራት እኔ ዘንድ ይቆይ፤ ስንበላ እሰጥሃለሁ» ማለትና በተባለው ሰዓት መመለስ ይበጃል። ሰዓቱ ካልተከበረ ልጁ በማግስቱ በፈቃዱ አይሰጥም። ልጁ በሚያጠናበት ክፍል ቴሌቪዥን ተከፍቶ ቡና የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ ስልኩን መቀበል ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ቡናው ወደ ሌላ ክፍል ይዛወር፣ ሌላ ክፍል ከሌለም ቴሌቪዥኑ ይጥፋ።