ድክ ድክ የሚል ልጅ በእጁ ምን ይብላ? (አቆራረጡን ጭምር)

ልጅ አንድ አመት ገደማ ሲሆነው ማንኪያውን ይቀማችኋል፣ እምቢ ካላችሁት ደግሞ አፉን ግጥም አርጎ ይዘጋል፣ እና ያው በራሱ እጅ ይብላ ትላላችሁ። ከዛ ሁሉም ሰው "ምን ልስጠው" ብሎ ነው ሚጠይቀው፣ እኔ ግን ከምግቡ አይነት በፊት ልስላሴውና አቆራረጡ ይቀድማል ባይ ነኝ። ለምን፣ የፊት ጥርሱ ይገምጣል እንጂ አይፈጭም፣ የመጀመሪያዎቹ መንጋጋ ጥርሶች ባብዛኛው ሚወጡት ከ13 እስከ 19 ወር ባለው ጊዜ ነው፣ እስከዛ ጠንካራ ነገር ከሰጣችሁት ይገምጥና ሳያደቅ ሊውጠው ይሞክራል።

መለኪያው ቀላል ነው፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ጫን ስትሉት ከተጨፈለቀ ይሰጠው፣ ካልሆነ ተመልሶ ድስት ይግባ። ካሮት፣ ስኳር ድንች፣ ዝኩኒ፣ ብሮኮሊ ሁሉም በእንፋሎት ሲበስሉ አሪፍ ናቸው። ገና በመዳፉ ሚጨብጥ ከሆነ ጣታችሁን ሚያክል ረዘም ያለ ቁራጭ ይሻለዋል፣ ጫፉ ከእጁ ስለሚወጣ እሱን ይበላል። በሁለት ጣቱ መልቀም ሲጀምር ግን (9 ወር አካባቢ ብዙዎቹ ይጀምራሉ) ትንንሽ አርጋችሁ ቁረጡለት። አቮካዶና ሙዝ ከእጁ እየተሙለጨለጩ ካስቸገሩት የተፈጨ አጃ ላይ አንከባሉት፣ በቃ ይይዝለታል።

ክብ ነገር ላይ ቀልድ የለም። ወይንና ትንንሽ ቲማቲም ቁመቱን ተከትላችሁ ለ4 ሰንጥቁት፣ ቋሊማም ክብ ክብ ተደርጎ ከተቆረጠ የአየር ቧንቧው ላይ ልክ እንደ ቡሽ ነው ሚወተፈው፣ እሱንም በቁመቱ ቀጠን ቀጠን አርጉት። ሽምብራና ባቄላ ከበሰለ በኋላም በጣታችሁ ዳጥ አርጉት። ሙሉ ለውዝ፣ ፈንዲሻ፣ ደረቅ ከረሜላ ቢያንስ እስከ 4 አመት ይቆዩ። የለውዝ ቅቤ ግን ስስ ተደርጎ ዳቦ ላይ ከተቀባ ችግር የለውም፣ በማንኪያ ከተሰጠ ነው ጉሮሮ ላይ ሚጣበቀው። ጥሬ አፕልና ጥሬ ካሮት ወይ ፈቅፍቁት ወይ አብስሉት። ማር ከ1 አመት በታች በፍፁም፣ ቦቱሊዝም ሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

አሁን ወደ ምግቡ፣ ብዙ ቤት ሳየው በእጅ ሚበላ ማለት ፍራፍሬና ብስኩት ብቻ ሆኗል፣ አይረኑስ (ደም ለመስራት ሚያስፈልገው የብረት ማዕድን)? ከ1 እስከ 3 አመት ያለ ልጅ በቀን 7 ሚሊግራም ገደማ አይረን ያስፈልገዋል፣ ሙዝ ደግሞ እዚህ ግባ ሚባል አይረን የለውም። የተፈጨ ስጋ ከእንቁላልና ከተቀቀለ ድንች ጋር አዋህዳችሁ ጠፍጣፋ ሞላላ እያረጋችሁ በትንሽ ዘይት ጥበሱት፣ ውስጡ ድረስ ይብሰል፣ ስጋ ማይበላ ቤት ከሆነ በደንብ የበሰለ ምስር በስጋው ፈንታ ይገባል። ከምስሩ ጎን ብርቱካን (ፍሬውንና ስስ ቆዳውን አውጥታችሁ) ወይ ብሮኮሊ አርጉ፣ ቫይታሚን ሲ የእህሉን አይረን ሰውነቱ እንዲወስደው ያግዛል። ስስ ኦምሌት እየቆራረጡ መስጠትም አለ፣ ለቸኮለ ሰው ከሱ ሚሻል የለም። ወተት በቀን ግማሽ ሊትር አካባቢ ይበቃዋል፣ ከዛ ብዙ ካለፈ ለምግቡ ቦታ አይኖረውም። ጨው ከመጨመራችሁ በፊት የልጁን ድርሻ ለብቻ አውጡለት።

ሲበላ ቁጭ ብሎ ነው፣ እየሮጠም መኪና ውስጥም አይደለም፣ አጠገቡም ሰው ይኑር። ኧክ ኧክ እያለ ፊቱ ቀላ ቢል፣ ቢያስል፣ አትደንግጡ፣ ራሱ እያስወጣው ነው፣ ጣታችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ፣ ጭራሽ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ሚያስፈራው ድምፅ ሲጠፋ ነው፣ ማሳልም ማልቀስም ካቃተው ወዲያው ጎንበስ አርጋችሁ ትከሻዎቹ መሀል ጀርባውን 5 ጊዜ በመዳፋችሁ ታችኛው ክፍል (ከእጅ አንጓ ቀጥሎ ባለው) ምቱ፣ ካልወጣ ደግሞ (ከ1 አመት በላይ ከሆነ) ከእምብርቱ በላይ ሆዱን ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ መጫን፣ እስኪወጣ እያፈራረቁ፣ ሌላ ሰው ደግሞ አምቡላንስ ይጥራ። ከ1 አመት በታች ላለ ሆድ አይጫንም፣ አደራረጉ የተለየ ስለሆነ ከባለሙያ በተግባር ተማሩት።

ብሮኮሊውን ወለል ላይ ከወረወረው ይወርውረው፣ አንድ ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ 10 እና 15 ጊዜም ሊፈጅበት ይችላል፣ ሳህኑ ላይ ሁለት ሶስት ቁራጭ ብቻ አርጉ፣ ከጨረሰ ይጨመርለታል፣ በግድ ማጉረስ የለም።