ፊዚክስን በማስተርስ ለሚማሩ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ ፊዚክስን በሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ መግቢያው ነው። የሚከብደው ግን ከመግቢያው በኋላ ያለው ነው።

ሰነድን ለመጨረሻ ሳምንት ማቆየት። የሚፈለገው የተማሪ ኮፒ ሳይሆን የመጀመሪያ ዲግሪዎን ከሰጠው ዩኒቨርሲቲ የሚላክ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። የወጪ መጋራት ዕዳ ካለብዎት እሱን አስቀድመው ይጨርሱ።

ለመግቢያ ፈተና ፊዚክስ ብቻ ማጥናት። ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የቋንቋና የስሌት ችሎታን፣ የማመዛዘን ብቃትንም ይለካል።

ሒሳብን ያለፈ ኮርስ አድርጎ መቁጠር። ጎበዝ ተማሪዎችን ሳይቀር የሚጥለው ይህ ነው። የሃይድሮጂን አቶምን እንውሰድ። ዝቅተኛው የኃይል ደረጃ ኔጌቲቭ 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት መሆኑን ሁሉም በቃሉ ይዞታል። የኳንተም ሜካኒክስ መሠረት የሆነውን የሽሮዲንገርን እኩልታ በሉላዊ መጋጠሚያ ጻፍ፣ የርቀቱን ክፍል ከማዕዘኖቹ ለይ፣ ቁጥሩን ራስህ አውጣ ሲባል ግን ብዙው እጅ ሁለተኛው መስመር ላይ ይቆማል። ችግሩ የኳንተም ሜካኒክስ አይደለም፤ የዲፈረንሻል እኩልታ ነው። ኤሌክትሮዳይናሚክስም፣ ስታቲስቲካል ሜካኒክስም በዚሁ መሣሪያ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ትምህርት ሳይጀመር ያለውን ክረምት ለሊኒየር አልጀብራ፣ ለቬክተር ካልኩለስና ለዲፈረንሻል እኩልታ ይስጡት። የተፈታ ጥያቄ ማንበብ መፍታት አይደለም፤ መልሱን ሸፍነው ባዶ ወረቀት ላይ ይሥሩት። መምህርነት ላይ ቆይተው ለሚመለሱ ደግሞ ይህ እጥፍ ያስፈልጋል፤ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ማስተማር ሐሳቡን ያጠራል እንጂ የስሌቱን እጅ አያቆይም።

አንዲት ሲ ምን ታደርጋለች ማለት። በድኅረ ምረቃ ለመመረቅ በተለምዶ የሚጠበቀው አማካይ ውጤት 3.00 ነው። አንድ ሲ የሚካካሰው እኩል ክብደት ባለው ኤ ወይም ከቢ በላይ በሆኑ ሌሎች ውጤቶች ነው።

አማካሪን በስሙ መምረጥ። ስመ ጥር መሆኑ መልካም ነው፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከእሱ ጋር የሚሠሩትን ተማሪዎች ማነጋገር ነው። በየስንት ጊዜው ያገኛቸዋል? የጻፉትን አንብቦ ይመልሳል? ሥራው የሙከራ ከሆነ መሣሪያው መሥራቱን በዐይንዎ ይዩ። ናሙናው ሌላ ተቋም ተልኮ የሚለካ ከሆነ የወረፋውን ጊዜ ከዕቅድዎ ውስጥ ያስገቡ። ሥራው በኮምፒውተር የሚሰላ ከሆነ ደግሞ ፕሮግራም መጻፍን ኮርስ እየወሰዱ ይልመዱ፤ የመመረቂያ ጽሑፉ (ቴሲስ) ተጀምሮ ፓይተን መማር ብዙ ወራት ይበላል።

ሰፊ ርዕስ መያዝ። «የፀሐይ ኃይል በኢትዮጵያ» የመመረቂያ ርዕስ አይሆንም። የዚንክ ኦክሳይድ ስስ ንጣፍ ሲዘጋጅ የሙቀቱ መጠን ብርሃን የመምጠጥ ባሕርዩን እንዴት እንደሚለውጠው መመርመር ግን ይሆናል፤ የሚለወጠው ይታወቃል፣ የሚለካው ይታወቃል።

ጽሑፉን አስረክቦ ማረፍ። ጽሑፉ በፈታኞች ፊት ሲቀርብ የውጭ ፈታኙ ከመሠረቱ ሊጀምር ይችላል። የዚህ ግራፍ የመለኪያ አሃድ ምንድን ነው? የልኬቱ ስህተት ምን ያህል ነው? ይህን ግምት ለምን ወሰድክ? ከሌላ ሰው ሥራ የተገለበጠ አንቀጽ ቢኖር የሚጋለጠው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ራሱ ያልሠራውን ማስረዳት አይችልምና። ከመቅረብዎ በፊት ሌላ ዘርፍ የሚማር ጓደኛዎን ያስቀምጡና እያንዳንዱን ሥዕል ያስረዱት፤ ሲያቋርጥዎት አይቆጡ፣ ጥያቄውን ይመዝግቡ።