ክኩ አልበስል ሲለኝ

ረቡዕ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል። ፒያሳ ያለችው ትንሿ ምግብ ቤታችን ጢም ብላለች። አስተናጋጁ በመስኮቱ «አምስት በያይነቱ!» ይላል። ጎመኑ፣ ሽሮው፣ ቀይ ስሩ ትሪው ላይ ቦታቸውን ይዘዋል። የክክ አልጫው ቦታ ግን ባዶ ነው። ክኩን በጣቴ ጫን አልኩት። ውጩ ለስልሷል፣ መሃሉ ገና ጥሬ ነው።

ድሬዳዋ ስሠራ በዚሁ ሰዓት ጥጄው ይደርስልኝ ነበር። እዚህ ስዋረድ ግን ይሄ ሦስተኛ ረቡዕ ነው። መጀመሪያ ነጋዴውን ረገምኩ፣ አሮጌ ክክ ሸጠልን ብዬ። ቀጥሎ እሳት ጨመርኩ። ወጥ ቤቱን ከእኔ በፊት የያዙት እትዬ ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ እሳት ብትጨምር የሚያልቀው ውሃው ነው። እዚህ እኮ ደጋ ነው።»

እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚያ 96 ይደርሳል። አንዴ ከፈላ የቱንም ያህል ብታነዱበት ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም።

አሁን ማታ ስንወጣ ክኩን እዘፈዝፋለሁ። ጠዋት ለብቻው በፕሬዠር ኩከር እቀቅለዋለሁ፤ እንፋሎቱ ስለሚታፈን ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ከግማሽ በላይ አልሞላውም፣ አረፋው መተንፈሻውን እንዳይደፍነው። (አንዴ ደፍኖት ነፍሴ ወጥታ ነበር።) ከዚያ እርድ ያለበት ቁሌት ላይ እገለብጠዋለሁ።

ባለፈው ዓርብ አምስት ሰዓት ላይ አልጫው ደርሷል። እትዬ በማንኪያ ቀመሱና «ጨው አነሰው» ብለው ሄዱ።