ፒኤስ እና ቶፕ ላይ የሲፒዩ ፐርሰንት ስታነቡ ከነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ሰርቨሩ ተንቀራፈፈ ሲባል ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ማሽኑ ላይ ምን እየሮጠ እንደሆነ ወደሚያሳዩት ኮማንዶች፣ ወደ ፒኤስ ወይም ወደ ቶፕ ነው፣ ከዛ ትልቁን ቁጥር የያዘውን ፕሮሰስ (እየሮጠ ያለ ፕሮግራም) ያይና ኪል ያደርገዋል። ችግሩ ያ ቁጥር የመቼ እንደሆነና ለስንት እንደተካፈለ ካላወቃችሁ ምንም ያላጠፋ ዳታቤዝ ልትገድሉ ትችላላችሁ፣ ያጠፋው ደግሞ እዛው ይቀመጣል።

በጣም የተለመደው ስህተት ፒኤስ ላይ ያለውን ፐርሰንት የአሁን ፍጆታ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ሊኑክስ ላይ እንደዛ አይደለም። ፒኤስ የሚያደርገው ፕሮሰሱ ከተነሳ ጀምሮ የበላውን የሲፒዩ ጊዜ ከተነሳ ጀምሮ ላለፈው ሰዓት በሙሉ ማካፈል ነው፣ የእድሜ ልክ አማካይ በሉት። ለምሳሌ አንድ ሰርቪስ 10 ቀን ምንም ሳይሰራ ቆይቶ አሁን ሉፕ ውስጥ ገብቶ አንድ ሙሉ ኮር (ሲፒዩው ውስጥ ለብቻው ስራ የሚሰራ ክፍል) ለ5 ደቂቃ ቢይዝ፣ 10 ቀን ማለት 14,400 ደቂቃ ስለሆነ ፒኤስ የሚነግራችሁ 0.0 ነው! ሰርቨሩ እየተቃጠለ 0.0። በተቃራኒው ደሞ ከሰከንድ በፊት የተነሳች ትንሽ ስክሪፕት 90 ምናምን ይዛ ከላይ ትታያለች፣ ምንም ችግር ሳይኖርባት። የፒኤስ ማኑዋል ራሱ እኮ ይሄ አሰራር ጥሩ እንዳልሆነ በግልፅ ይናገራል። ማክ እና ቢኤስዲ ላይ ግን እስከ አንድ ደቂቃ ወደኋላ የሚሄድ አማካይ ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ላፕቶፓችሁ ላይ የለመዳችሁትን አነባበብ ይዛችሁ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ አትግቡ።

እና ምን ይሻላል? ታይም የሚለውን ኮለም እዩ። እሱ አማካይ አይደለም፣ የተጠራቀመ የሲፒዩ ጊዜ ነው። ፒኤስን አንዴ ሩጡት፣ 10 ሰከንድ ጠብቁና ድገሙት፣ ታይም ከ5:02 ወደ 5:12 ከሄደ ፕሮሰሱ አሁን አንድ ኮር ሙሉ በሙሉ ይዟል ማለት ነው፣ 5:02 ላይ ከቆመ ደግሞ ጥፋተኛው ሌላ ነው።

ሌላው "400 ፐርሰንት እንዴት ይሆናል፣ ቶፕ ተበላሽቷል" የሚባለው ነገር። አልተበላሸም። ቶፕ በዲፎልት 100 የሚለው አንድ ኮርን ነው፣ 8 ኮር ካላችሁ ጣሪያው 800 ነው፣ ብዙ ስሬድ (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ስራ) ያለው የጃቫ ፕሮግራም 400 ቢያሳይ አራት ኮር ያህል እየተጠቀመ ነው። ሺፍት እና አይ ስትጫኑ ለጠቅላላው ኮር ያካፍለዋል፣ ያኔ ያው ፕሮሰስ 50 ይሆናል። ይሄን ሳያውቁ ስክሪንሾት የሚለዋወጡ ሰዎች ስለ አንድ ሰርቨር ሁለት ሰዓት ሙሉ ይከራከራሉ። በጣም ልብ ማለት ያለባችሁ ግን 8 ኮር ላይ ተካፍሎ 12.5 የሚያሳይ ፕሮሰስ ነው፣ ትንሽ ይመስላል፣ ግን አንድ ስሬድ ብቻ ያለው ከሆነ ያችኑ አንድ ኮር ጨርሷት ከዛ በላይ መሄድ አቅቶት ነው፣ ሰርቨሩ ባዶ እየመሰለ ዩዘሩ የሚጮኸው ለዛ ነው። ሺፍት እና ኤች ተጭናችሁ ስሬዶቹን ለየብቻ እዩ።

ቶፕን ስክሪፕት ውስጥ አንዴ ብቻ ሮጦ ቁጥሩን መያዝም ስህተት ነው። ፐርሰንት የሁለት ልኬት ልዩነት ስለሆነ ሁለት ዙር አስሩጡትና ሁለተኛውን ያዙ። ቪኤምስታት የሚባለው የሲስተሙን አጠቃላይ ሁኔታ የሚያሳይ ኮማንድም የመጀመሪያው መስመሩ ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ ያለ አማካይ ነው፣ እሱን ዝለሉት።

ሎድ አቨሬጅን፣ ማለትም እየሮጡና ተራ እየጠበቁ ያሉትን ፕሮሰሶች አማካይ ብዛት፣ እንደ ሲፒዩ ፐርሰንት ማንበብ ደሞ አለ። ሎድ 20 ሆኖ ሲፒዩው ግማሹ ስራ ፈት ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ሊኑክስ ሲፒዩ የሚጠብቁትን ብቻ ሳይሆን ዲስክ ወይም የተቋረጠ የኔትወርክ ፋይል ሲስተም ጠብቀው የደረቁትንም ይቆጥራል። ስታተስ ኮለሙ ላይ ዲ የሚል ካበዛ ሲፒዩውን ተዉት፣ ስቶሬጁን ፈትሹ። ክላውድ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ቶፕ አናት ላይ ኤስቲ የሚለውን እዩ፣ እሱ ከፍ ካለ ሲፒዩውን እየወሰደባችሁ ያለው የናንተ ፕሮሰስ አይደለም፣ ከስር ያለው ሆስት ለሌላ ቨርቹዋል ማሽን እየሰጠው ነው።

መጨረሻ ላይ፣ ቶፕ አናት ላይ ያለው የሲፒዩ ድምር 90 ሆኖ ሊስቱ ውስጥ ግን የሚበላ ፕሮሰስ ከጠፋ ቶፕን አትጠራጠሩ። ቶፕ በዲፎልት በየ3 ሰከንዱ ነው የሚያየው፣ በዛ መሃል ተወልደው የሚሞቱ ፕሮሰሶች፣ ለምሳሌ አንድ የሼል ስክሪፕት በሉፕ እየጠራ የሚጥላቸው ትንንሽ ኮማንዶች፣ አይታዩም። ሺፍት እና ኤስ ስትጫኑ የሞቱት ልጆች (የተጠሩት ኮማንዶች) የበሉት ጊዜ በወላጁ (በጠራቸው ፕሮሰስ) ታይም ላይ ይደመራል፣ ያኔ ስክሪፕቱ ራሱ ቁጥሩ እየዘለለ ይወጣላችኋል።