ለቤት ከቁጠባና ብድር ማህበር እንዴት ይበደራሉ?

የ20/80 ኮንዶሚኒየም ዕጣ ቢወጣላችሁ 80 በመቶውን ንግድ ባንክ ያበድራል። 20 በመቶውስ? ያጠራቀማችሁት ካልሞላስ? ብዙ ደሞዝተኛ እዚህ ላይ ነው ዓይኑን ወደ ቁጠባና ብድር ማህበር የሚያዞረው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በአገራችን የመጀመሪያውን ማህበር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው።

መጀመሪያ ማህበሩን እዩ። የመሥሪያ ቤታችሁ ማህበር ካለ ከሱ ጀምሩ፤ ክፍያው ከደሞዝ ስለሚቆረጥ ጣጣ የለውም። ሥራ ብትለቁ ዕዳው ምን እንደሚሆን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። ከሌለ ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆኑ ማህበራት አሉ። የምዝገባ የምስክር ወረቀታቸውንና የመጨረሻውን የኦዲት ሪፖርት አሳዩኝ በሉ። ኦዲቱን ለማሳየት የሚያንገራግር ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንዱ እስከ 100 ሺህ ብር የሚሸፍነው የባንክና የማይክሮፋይናንስ አስቀማጮችን ነው። እዚህ ጠባቂው እናንተው ናችሁ።

ከዚያ ሒሳቡን ከኋላ ወደ ፊት ሥሩ። ማህበራት የብድሩን የተወሰነ እጅ ቀድማችሁ እንድትቆጥቡ ይጠይቃሉ፤ መጠኑ እንደየማህበሩ ነው። 25 በመቶ ነው እንበል። 400 ሺህ ብር ከፈለጋችሁ 100 ሺህ መቆጠብ አለባችሁ። በወር 4 ሺህ የምትቆጥቡ ከሆነ 25 ወር ይፈጃል። ዛሬ ተመዝግቦ ለመስከረም ቤት የሚያስብ ሰው ይህን አላየም። የመመዝገቢያውንና የአክሲዮኑንም ክፍያ ደምሩበት።

ወለዱ በምን ላይ እንደሚታሰብ ጠይቁ። ሰው ሁሉ «ስንት ፐርሰንት ነው?» ይላል፤ ዋናው ጥያቄ ግን ይሄኛው ነው። 100 ሺህ ብር በ13 በመቶ ለሦስት ዓመት ተበደራችሁ እንበል። ወለዱ እስከ መጨረሻው በመነሻው ብድር ላይ ከታሰበ 39 ሺህ ብር ነው። በየወሩ በቀሪው ዕዳ ላይ ከታሰበና ወርሃዊ ክፍያው እኩል ከሆነ ግን 21 ሺህ ገደማ። ፐርሰንቱ ያው ነው፣ ልዩነቱ ወደ 18 ሺህ ብር። የክፍያ ሰንጠረዡን አሳትሙና ወደ ቤት ይዛችሁ ሂዱ።

ዋስ ፈልጉ። ከባዱ ይሄ ነው። ገንዘብ የማያበድራችሁ ጓደኛ ዋስ ሁነኝ ስትሉትም ስልክ አያነሳም፣ እውነቱን ለመናገር አይፈረድበትም። እናንተ ካልከፈላችሁ ከሱ ደሞዝ ነው የሚቆረጠው። ስለዚህ ሰንጠረዡን አሳዩት፣ ገቢያችሁንም ሳትደብቁ ንገሩት። ነገ እሱ ሲጠይቃችሁ እንደምትፈርሙለትም አስቡ። ብድሩ የሞት መድን እንዳለውና እንደሌለውም አጣሩ፤ መድን ከሌለው ዕዳው ዞሮ ዞሮ ዋሱና ቤተሰብ ላይ ይወድቃል።

ብሩን ለምን እንደምታውሉት ወስኑ። ቅድመ ክፍያ ከሆነ ቀላል ነው። ግንባታ ከሆነ ግን ብሩ በተለቀቀ ሳምንት ብረቱንና ሲሚንቶውን ግዙ፤ ዋጋ አይጠብቅም። በግቢያችሁ ሰርቪስ ቤት ሠርታችሁ ልታከራዩ ከሆነ ደግሞ፣ ኪራዩ ወርሃዊ ክፍያውን ምን ያህል እንደሚሸፍን ሳታሰሉ መሠረት አታስቆፍሩ።

ጉባኤ አትቅሩ። የምትከፍሉት ወለድ ለሰፈራችሁ ባለባልትና ወይም ለልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ለቸገረው አባል ብድር ይሆናል፤ ከትርፉም በአክሲዮናችሁ ልክ ይደርሳችኋል። አክሲዮን የቱንም ያህል ቢበዛ ድምፅ ለአንድ አባል አንድ ነው። ቦርዱን የምትመርጡት፣ የቤት ብድር ጣሪያው ይነሳ ብላችሁ የምትከራከሩትም እዚያው ነው። የስብሰባው ጥሪ ሲደርሳችሁ የኦዲት ሪፖርቱን ኮፒ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ውዝፍ ብድር የሚለውን መስመር ካለፈው ዓመት ጋር አስተያዩት።