ውጭ አገር ሰው ቤት ለምትገቡ ተማሪዎች

በገባችሁበት ምሽት፣ ሻንጣ ከመፍታታችሁ በፊት፣ ሻወሩ እንዴት እንደሚሠራ እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። እኔ መጠየቅ አፍሬ ሦስት ቀን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቤያለሁ። ለካ እጀታውን ሳብ አድርጎ ማዞር ነበር!

ከዚያ የቤቱን ደንብ ጠይቁ። ማታ ከስንት ሰዓት በኋላ ድምፅ መቀነስ አለበት? ልብስ ማጠቢያውን መቼ ልጠቀም? ከፍሪጅ ሳላስፈቅድ ማንሳት የምችለው የቱን ነው? ቁልፍስ? መልሱን ስልካችሁ ላይ ጻፉት፤ በዚያ ሁሉ ድካም መሀል ይረሳል። ያልገባችሁን ነገር ዝም ብላችሁ «እሺ» አትበሉ። ምን እንዳሏችሁ ሳታውቁ እራት ያመልጣችኋል።

ክፍል ዘግቶ መዋልም ይቅር። አብሮ ሰሃን እያጠቡ የሚወራ ወሬ አፍ ያስፈታል። የምታመሹ ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ መልእክት ላኩ።