ኦብጀክትን ወደ ጄሰን ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያውና በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ስህተት ከዳታቤዝ የመጣን ኦብጀክት (ፕሮግራም መረጃን በፊልዶች አቧድኖ የሚይዝበትን ቅርጽ) እንዳለ ወደ ጄሰን (JSON፣ ፕሮግራሞች መረጃ ወደሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጸት) ቀይሮ መላክ ነው። የተጠቃሚዎች ሠንጠረዥ ከስም ሌላ የይለፍ ቃል ሃሽ (ከይለፍ ቃሉ ተሰልቶ የሚቀመጥ ኮድ)፣ ስልክ ቁጥርና የውስጥ ማስታወሻ ሊይዝ ይችላል፤ ገጹ ላይ የሚታየው ስሙ ብቻ ቢሆንም፣ የብራውዘሩን የኔትወርክ መስኮት የከፈተ ሁሉ የቀረውንም ያነበዋል። የማይፈለጉትን ፊልዶች እየጠሩ ማስቀረት አስተማማኝ አይደለም፤ ሌላ ባለሙያ ነገ አዲስ ዓምድ ቢጨምር ማንም ሳያስተውለው አብሮ ይወጣልና። የሚወጡትን ብቻ ዘርዝሮ ለምላሹ የተለየ ኦብጀክት መሥራት ይገባል። ይህ፣ ለምሳሌ የደንበኛው ኦብጀክት የትእዛዙን፣ የትእዛዙም መልሶ የደንበኛውን በመጠቆሙ ምክንያት ጄሰን.ስትሪንጊፋይ (ጃቫስክሪፕት ኦብጀክትን ወደ ጄሰን የሚቀይርበት ፈንክሽን) የሚጥለውን ስህተትም ያስቀራል።

በቀን ላይ የሚፈጸመው ስህተት ግን ዘግይቶ የሚታወቅ ነው። ጄሰን የራሱ የቀን ዓይነት የለውም፤ ጃቫስክሪፕትም የዴት ኦብጀክትን ሲቀይር ሰዓቱን ወደ ዩቲሲ (ወደ ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) መልሶ በስትሪንግ (በተራ ጽሑፍ) ይጽፈዋል። ሰርቨሩ በአዲስ አበባ ሰዓት የሚሠራ ከሆነና የአንድ ሰው ልደት 1990-05-10 እኩለ ሌሊት፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተብሎ ከተያዘ፣ የ3 ሰዓቱ ልዩነት ተቀንሶ 1990-05-09 21:00 ሆኖ ይወጣል፤ ተቀባዩ ፕሮግራም ቀኑን ብቻ ቆርጦ ሲወስድ ሰውዬው በ1 ቀን ቀድሞ ተወለደ ማለት ነው። ሰዓት የማያስፈልገውን ቀን ከመነሻው በስትሪንግ መያዝ ይሻላል።

በፓይተን ደግሞ ወደ ጄሰን ሲቀየር የዴትታይም (የቀንና ሰዓት) ዕሴት ሲያጋጥም ታይፕኤረር የሚባለው የዓይነት ስህተት ይነሣል። ብዙዎች ይህን ለማለፍ ዲፎልት ለሚባለው ፓራሜትር ማንኛውንም ነገር ወደ ስትሪንግ የሚቀይረውን ስትርን (str) ይሰጡታል፤ ስህተቱ ይጠፋል፣ ነገር ግን ከዚያ በኋላ መቀየር የማይገባው ኦብጀክት ሁሉ ያለ ተቃውሞ ስትሪንግ እየሆነ፣ አንዳንዴም የክላሱን ስምና የሜሞሪ አድራሻውን ይዞ ይወጣል። ለዴትታይምና ለዴሲማል (ለአስርዮሽ ቁጥር ዓይነት) ብቻ የሚሠራ አጭር ፈንክሽን ጽፎ፣ በሌላው ሁሉ ስህተቱ እንዲነሣ መተው ይመረጣል።

ጄሰንን ስትሪንጎችን በመደመር ምልክት እየገጣጠሙ መጻፍ፣ በአንድ ሰው ስም ውስጥ የጥቅስ ምልክት የገባ ዕለት ይፈርሳል። ጃቫስክሪፕት ሳያዛባ ሊይዘው ከሚችለው ትልቁ ሙሉ ቁጥር፣ ከ9007199254740991፣ የሚበልጥ መለያ ቁጥርም በስትሪንግ ካልተላከ፣ 9007199254740993 የነበረው ብራውዘር ውስጥ መጨረሻው 2 ሆኖ ይነበባልና የሌላ ሰው መዝገብ ሊከፈት ይችላል።

አማርኛን በተመለከተ፣ ፓይተን ካልተከለከለ በስተቀር ፊደሎቹን እያንዳንዳቸውን 6 ምልክት ወዳለው የዩኒኮድ ኮድ ስለሚለውጣቸው በዩቲኤፍ-8 (በተለመደው የፊደል አቀማመጥ) 9 ባይት የሚይዘው «ሰላም» 18 ባይት ይሆናል። ጽሑፉ አልተበላሸም፤ ስህተቱ ተበላሸ ብሎ በሪፕሌስ (ጽሑፍን በሌላ በሚተካው ፈንክሽን) ለመጠገን መሞከር ነው። ኢንሹር አስኪ (ensure_ascii) የሚባለውን ፓራሜትር ፎልስ ማድረግ ይበቃል።

በመጨረሻም ጃቫስክሪፕት አንዲፋይንድ የሆነን (ዕሴት ያልተሰጠውን) ፊልድ ከኦብጀክት ውስጥ ጨርሶ ያወጣዋል፣ በአሬይ (በዝርዝር) ውስጥ ግን ነል (ባዶ) አድርጎ ይጽፈዋል። የፊልዱ አለመኖርና ባዶ መሆን ለተቀባዩ የተለያየ ትርጉም ካላቸው፣ ለምሳሌ ስልክ ቁጥሩ አልተነካም ወይስ ተሰረዘ የሚለውን የሚወስኑ ከሆነ፣ ነሉን በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል።